እንቁላልም እርጎም ሳይገባበት ኩርሽም የሚል ደበርጃን፣ ከሰሊጥ ማጥቀሻው ጋር

ሁዳዴ 55 ቀን ነው አይደል፣ እኔ ሁለተኛው ሳምንት ላይ ስደርስ ሽሮውም ምስሩም ጎመኑም አንድ አይነት ይሆንብኛል። የሚከብደኝ ጾሙ አይደለም፣ ጥርስ ስር ኩርሽም የሚል ነገርና ምላስ ላይ ለስለስ የሚል ቅባት ያለው ነገር ነው የሚናፍቀኝ፣ ያው በፍስክ ጊዜ ያንን የሚሰጠን ቅቤውና እርጎው ነው። ዘንድሮ መልሱን ደበርጃን ላይ አገኘሁት። እዚህ ለመድረስ ስድስት ጊዜ ጠብሻለሁ፣ አራቱ እንደፈለኩት አልወጣም፣ ዘይት ደሞ እንደምታውቁት የሚቀለድበት ነገር አይደለም፣ ስለዚህ እኔ ያባከንኩትን ሌላ ሰው እንዳያባክን የሆነውን ሁሉ ልንገራችሁ።

ደበርጃን ያወቅኩት ቤሩት ነው። አራት አመት እዛ ሰው ቤት ስሰራ የማዳም እናት ኩሽና ውስጥ ወንበር ስባ ቁጭ ብላ ታየኝ ነበር፣ ቤቱ ሁሉ ተይታ ነው የሚላት፣ አያቴ እንደማለት፣ እኔም ተይታ እላት ነበር። የነሱ ደበርጃን ሊጥ አይነካውም፣ ተቆርጦ ጨው ተነስንሶበት ላቡ ተጠርጎ እንዲሁ ዘይት ውስጥ ይገባል፣ ከዛ ታራቶር በሚሉት ማጥቀሻ ይበላል፣ ጠሂና (ታምሶ የተፈጨ ሰሊጥ ነው)፣ ሎሚ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ጨው፣ ውሃ፣ በቃ። ወተት የለው እንቁላል የለው፣ ረቡዕና አርብ ከነሱ ገበታ ሳልሰጋ የምበላው እሱን ነበር። ድስቱን በአንዴ ልሞላው ስል ተይታ እጄን ያዝ አድርጋ "ሽዋይ ሽዋይ" ትለኛለች፣ ቀስ በቀስ ማለቷ ነው። ሌላ ስራ እየጠበቀኝ ምን ቀስ በቀስ ያስፈልጋል ብዬ ይከፋኝ ነበር፣ ነገሩ የገባኝ አዲስ አበባ መጥቼ በራሴ ዘይት ስጠብስ ነው።

ስትገዙ ትልቁን አትምረጡ። ቆዳው የሚያብረቀርቅ፣ አናቱ ላይ ያለችው ቆብ አረንጓዴ የሆነች፣ በአውራ ጣት ጫን ስትሉት ተመልሶ የሚነሳ ይሁን፣ ጣታችሁ ያረፈበት ቦታ ጎድጉዶ ከቀረ ቆይቷል ማለት ነው። ያረጀውን ስትቆርጡት ፍሬው ጠቁሮ ታገኙታላችሁ፣ የሚመረውም እሱ ነው። መካከለኛ ሁለት ፍሬ ለአራት ሰው ይበቃል። የምቆርጠው በክብ በክብ ነው፣ ቆዳውን አልልጠውም፣ ሲጠበስ ክቧ እንዳትፈርስ የሚይዛት እሱ ነው።

ውፍረቱ አንድ ሴንቲ ሜትር። መጀመሪያ በጣም አሳስቼ ቆርጬው የሚበላው ሊጥ ብቻ ሆነ፣ ቀጥሎ ደሞ ሁለት ጣት አድርጌው ውስጡ ጥሬ ሆኖ እንደ ስፖንጅ ጥርስ ላይ ጩህ ጩህ አለ። ከዛ ጨው። ብዙ ሰው ጨው የሚነሰነሰው ምሬቱን ለማውጣት ነው ይላል፣ አሁን ገበያ ላይ ያለው ደበርጃን ግን ትኩስ ከሆነ ያን ያህል አይመርም፣ የጨው ትልቁ ስራ ሌላ ነው። የደበርጃን ስጋ በአየር የተሞላ ነው፣ ዘይት ውስጥ ሲገባ አየሩ ይወጣና ቦታውን ዘይት ይይዘዋል፣ ለዛ ነው ያፈሰሳችሁትን ሁሉ ጠጥቶ ድስቱ ደርቆ የሚቀረው። ጨው ውሃውን ሲስበው ስጋው ይሟሽሽና ዘይት የሚገባበት ቀዳዳ ይቀንሳል። ለሁለት ፍሬ አንድ የሾርባ ማንኪያ ጨው በሁለቱም ፊት ነስንሼ ማጥለያ ላይ ደርድሬ 40 ደቂቃ እተወዋለሁ። አስር ደቂቃ ላይ ጠጋ ብላችሁ ብታዩት ፊቱ ላይ እንደ ላብ ጠብ ጠብ ያለ ውሃ ነው፣ 40ው ሲሞላ ስሩ ያለው ሳህን ቡናማ ውሃ አጠራቅሟል፣ ክቧም ስትያዝ እንደ ቆዳ ትጠቀለላለች እንጂ አትሰበርም፣ ምልክቱ ይሄ ነው። አንደኛ ቀን ጨው እንዳይበዛ ብዬ በቧንቧ ውሃ አጥቤ በደንብ ሳላደርቅ ከተትኩትና ዘይቱ ተንጣጥቶ ክንዴን አቃጠለኝ፣ ጠባሳው አሁንም አለ። ከዛ ወዲህ አላጥብም፣ ንፁህ ፎጣ ላይ ደርድሬ ሌላ ፎጣ ከላይ አልብሼ በመዳፌ እጫነዋለሁ፣ ሊጡ ውስጥ ደሞ ጨው የሚባል አልጨምርም።

እንቁላል ከሌለ ሊጡን ምን ይይዘዋል የሚለው ነው ብዙ ያስቸገረኝ። ፉርኖ ዱቄትና ውሃ ብቻ ሞከርኩ፣ ከዘይት ሲወጣ ኩርሽም ይላል ግን ማዕድ ቀርቦ ጸሎት ተደርጎ እስኪቆረስ ድረስ ለስልሶ እንደ እርጥብ ፓንኬክ ይሆናል። የስንዴ ዱቄት ከውሃ ጋር በተማሰለ ቁጥር ግሉተን ይሰራል፣ ለዳቦ እሰየው ነው፣ ለዚህ ግን ሽፋኑን እንደ ላስቲክ ያደርገዋል። የሽንብራ ዱቄትም ሞክሬ ነበር፣ ይደርቃል፣ ይጣፍጣልም፣ ግን የሽንብራው ጣዕም ደበርጃኑን ዋጠው። የሰራልኝ ኮርን ፍላወር (ነጩ የበቆሎ ስታርች) ነው፣ ግሉተን ስለሌለው ሊጡን ያሳሳዋል ያደርቀዋልም። አንድ ኩባያ ፉርኖ ዱቄት፣ ግማሽ ኩባያ ኮርን ፍላወር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር፣ ትንሽ ቁንዶ በርበሬ፣ ከዛ የሚበጠበጥበት ደሞ አምቦ ውሃ! እናቴ ምግብ ሲከብዳት የምትጠጣው አምቦ ፍሪጅ ውስጥ ነበር፣ ጋዙ ሊጡን ነፋ ያደርገው ይሆን ብዬ አፈሰስኩበትና ልዩነቱን በአይኔ አየሁት፣ ሽፋኑ ላይ ጥቃቅን አረፋ አውጥቶ እንደ ወንፊት ሆኖ ደረቀ። አንድ ኩባያ ከሩብ ገደማ ይበቃል፣ በጣም የቀዘቀዘ ይሁን፣ ጠርሙሱ ደሞ በዛኑ ሰአት ይከፈት፣ የተከፈተ ያደረ አምቦ ጋዙ ስለወጣ ተራ ውሃ ነው። በሹካ አስር አስራ ሁለት ጊዜ ብቻ ማማሰል፣ ጓል ጓል ያለ ዱቄት ቢታያችሁም ተዉት፣ እሱን ለማጥፋት ስትሉ ነው ላስቲክ የሚሆነው። ሊጥ ውስጥ ከመንከር በፊት ክቦቹን በደረቅ ኮርን ፍላወር አስነኩ፣ እንደዛ ካልሆነ ሊጡ ተንሸራቶ ዘይቱ ውስጥ ለብቻው ይቀራል።

አሁን ዘይቱ ላይ ነኝ። ሶስተኛ ቀን ላይ አንድ ቪዲዮ አይቼ 190 ዲግሪ ይላል፣ የኩሽና ቴርሞሜትር ስለነበረኝ ልክ 190 አድርጌ ከተትኩ፣ ውጪው በሁለት ደቂቃ ጠቆረ ውስጡ ግን ገና ጥሬ ነው። ሁለቴ ደገምኩት፣ ያው ነው። ከዛ ነው ቁመታችን ትዝ ያለኝ። አዲስ አበባ ከባህር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ውሃ እዚህ በ100 ሳይሆን 92 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚፈላው፣ ባቄላና ስጋ ቶሎ አልበስል የሚሉን ለዛ አይደል። ደበርጃን ደሞ አብዛኛው ውሃ ነው፣ ዘይቱ የፈለገ ቢግል ውስጡ ያለው ውሃ 92 ላይ መፍላት ስለሚጀምር ውስጡ ባህር ዳርቻ ከሚጠበሰው ዘግይቶ ነው የሚበስለው፣ ውጪው ግን አይጠብቀውም። ቤሩት ያለ ሰው በ190 ቢጠብስ ልክ ነው፣ እኛ ግን ዝቅ አድርገን ትንሽ ማስረዘም አለብን። አሁን 170 ላይ አድርጌ አንዱን ፊት ሁለት ደቂቃ ተኩል አንዱን ፊት ሁለት ደቂቃ ተኩል እጠብሳለሁ። ቴርሞሜትር ለሌለው፣ ጠብታ ሊጥ ጣል አድርጉ፣ ወደ ስር ወርዳ ተንቻችታ ቶሎ ከወጣች ደርሷል፣ ስር ከቀረች ገና ነው፣ ሳትወርድ ወዲያው ከጠቆረች አልፏል።

አራተኛው ቀን ላይ ደሞ ምድጃው የኤሌክትሪክ ስለሆነ ድስቱ ውስጥ ስድስት ክብ እንዳለ መብራት ጠፋ። ይመጣል ብዬ ጠበቅኩ፣ ዘይቱ እየቀዘቀዘ አረፋው እየቆመ እያየሁት፣ ስምንት ደቂቃ አካባቢ ቆይቶ መጣ፣ ያንን ደበርጃን ሳህን ላይ አውጥቼ በሹካ ጫን ሳደርገው ዘይቱ እንደ ተጨመቀ ጨርቅ ወጣ። ያኔ ነው የተይታ ሽዋይ ሽዋይ የገባኝ። ሊጡ ውስጥ ያለው ውሃ በሙቀት ተንኖ ወደ ውጪ እየገፋ እስካለ ድረስ ዘይቱ በቀላሉ አይገባም፣ ያ የምናየው አረፋ እኮ እንፋሎቱ ነው፣ ሙቀቱ ሲወርድ ግፊቱ ይቆምና ዘይቱ ይገባል። ድስቱን በአንዴ መሙላትም ያው መብራት እንደመጥፋት ነው፣ ብዙ ቀዝቃዛ ነገር ሲገባ ዘይቱ ይወርዳል። እኔ መካከለኛ ድስት ላይ ከአራት በላይ አልከትም፣ በመሀል ዘይቱ ተመልሶ እስኪግል እጠብቃለሁ፣ አሁን የምጠብሰውም በቡታጋዝ ነው።

ሲወጣ ሶፍት ላይ አታስተኙት። ስሩ በራሱ እንፋሎት ይለሰልሳል፣ ላዩ ደርቆ ስሩ እርጥብ ይሆናል። የኦቭኑን ሽቦ ትሪ ላይ አድርጌ እዛ ላይ አንድ በአንድ ሳይደራረብ አሰጣዋለሁ።

ማጥቀሻው። ጠሂና ሱፐርማርኬት አለ፣ ከውጭ የሚመጣ ነው፣ ዋጋው ግን ለኔ አልሆነም፣ ደሞ ቆም ብላችሁ ብታስቡት የሁመራ ሰሊጥ መካከለኛው ምስራቅ ድረስ ለጠሂና የሚፈለግ ሰሊጥ ነው፣ እኛ ሀገር በቅሎ ሄዶ በብልቃጥ ተመልሶ ሲመጣ ከምገዛው ራሴ ልስራው አልኩ። ሁለት ኩባያ ነጭ የሁመራ ሰሊጥ ለቅሜ አጥቤ (አሸዋው ብዙ ነው፣ ሶስት አራቴ እጠቡት) ፀሀይ ላይ አድርቄ ምጣድ ላይ በዝግታ እሳት አመስኩት። ቀለሙ ሳይቀየር ሽታው ሲመጣ ነው የሚወጣው፣ እንደ ቡና ካመሳችሁት ጠሂናው ይመራል። ሙቀቱ ሳይወጣለት ብሌንደር ውስጥ ከአራት የሾርባ ማንኪያ ዘይት ጋር፣ መጀመሪያ አቧራ ይመስላል፣ ከዛ ግድግዳው ላይ ይለጠፋል፣ እያቆማችሁ በማንኪያ መልሱት፣ ሞተሩም ይረፍ፣ እንደ ማር ሲንቆረቆር አለቀ።

ሎሚ ስጨምርበት ግን ደነገጥኩ። ያ የሚንቆረቆር ጠሂና በአንዴ ጠንክሮ ጭብጦ ሆነ፣ የመጀመሪያ ቀን ተበላሸ ብዬ ደፋሁት፣ እስካሁን ይቆጨኛል። አልተበላሸም ነበር። ትንሽ ውሃ ሲነካው የሰሊጡ ዱቄት እርስ በርሱ ይያያዛል፣ ውሃው ሲበዛለት ደሞ ዘይቱና ውሃው ይዋሀዱና ይለሰልሳል። ተይታ በረዶ የገባበት ውሃ በማንኪያ በማንኪያ እየጨመረች ሳታቋርጥ ስታማስል አይቼ ነበር እኮ፣ እንደሷ ሳደርገው አይኔ ስር ቡናማው ነጣ፣ ፈካ፣ እርጎ መሰለ። ግማሽ ኩባያ ጠሂና፣ የሁለት ሎሚ ጭማቂ፣ ግማሽ ኩባያ ገደማ በረዶ ውሃ፣ ጨው፣ ሁለት ፍንካች ነጭ ሽንኩርት። ሽንኩርቱን ወቅጣችሁ ሎሚው ውስጥ አስር ደቂቃ አቆዩት፣ ጥሬ ሽታው ይበርድለታል።

እማዬ ቀምሳ "ይሄማ የሰሊጥ ፍትፍት ነው እኮ፣ እንጀራ አምጪልኝ" አለችኝ፣ ደበርጃኑን ትታ ማጥቀሻውን በእንጀራ ጨረሰችው። ሚጥሚጣ ጣል ያረገችበትም እሷ ናት፣ ከዛ ወዲህ ያለ ሚጥሚጣ ሰርቼው አላውቅም።

በ21 የማርያም ማህበር እኛ ቤት ሳይሆን ጎረቤት ነበርና ሰላሳ ክብ አዘጋጅቼ መውሰድ ነበረብኝ፣ እዛ ሲደርስ እንዳይለሰልስ ደሞ ጨንቆኛል። ያደረግኩት፣ ቤት በ170 ዲግሪ ፊቱ ሳይቀላ ገረጣ እንዳለ አወጣሁት፣ በደንብ አቀዘቀዝኩት፣ ክዳን ያለው እቃ ውስጥ ሳይሆን ትሪ ላይ በስስ ጨርቅ ሸፍኜ ወሰድኩት፣ እዛ ዘይቱን 180 አድርሼ ለአንድ ደቂቃ ብቻ ደግሜ ጠበስኩት። ከቤት ትኩሱን ከምበላው ይልቅ ደረቀ፣ የመጨረሻው ሰው እስኪነሳም ኩርሽም እንዳለ ነበር። አንድ እማማ አሳ መስሏቸው እጃቸውን ሰብስበው ነበር፣ ደበርጃን መሆኑን ስነግራቸው አራት በሉ። የሚቀጥለው ወር ተረኛ እሳቸው ናቸው፣ ሰሊጡን አጥበው አምሰው እንደሚጠብቁኝ ነግረውኛል፣ እኔ ብሌንደሩን ይዤ እሄዳለሁ።