ራም አልጎደለም፣ ትሬድ ነው የበዛው

የበርካታ ወረዳ ቅርንጫፎችን የክፍያ ሲስተም የምናስተዳድረው ከደብረ ብርሃን ነው። ደብረ ሲና በሉት፣ ሸዋ ሮቢት፣ መሐል ሜዳ፣ ሁሉም የሚገቡት እኛ ጋ ወዳለው አንድ ሰርቨር ነው። ኡቡንቱ 18.04 (የሊኑክስ ዓይነት ነው)፣ ላዩ ላይ ቶምካት (በጃቫ የተሠሩ የድረ ገጽ አፕሊኬሽኖችን የሚያስኬድ ፕሮግራም)፣ 16 ጊጋ ራም። ሐምሌ ገባና ከፋይ በዛ። ጠዋት ደህና ሲሠራ ይውልና ከሰዓት ላይ ገጹ አልከፈት ይላል፣ ስልኩ መጮህ ይጀምራል፣ ሪስታርት እናደርገዋለን፣ ይነሳል፣ በማግስቱ ደግሞ ያው።

ሎጉ ላይ «አውት ኦፍ ሜሞሪ ኤረር» ይላል። ሶፍትዌሩን የሠራልን ድርጅት ጋ ደወልን። «ወንድሜ፣ ሜሞሪ አለቀብኝ እያለህ እኮ ነው! ሂፑን ከፍ አድርገው፣ ካልሆነ ራም ግዙ» አለ ልጁ። ሂፑን፣ ማለትም ጃቫ ለዳታው የሚይዘውን የሜሞሪ ድርሻ፣ ከ4 ጊጋ ወደ 10 ጊጋ አደረግነው። ኃላፊያችንም ጊዜ አላጠፋም፣ የራም ግዥ ጥያቄውን ፈርሞ ላከው። ሰርቨሩ ግን በማግስቱም ተኛ።

እኔን የከነከነኝ የሰርቨሩ ራም ነው። ሲወድቅ ገብቼ ሳይ ብዙው ራም ነፃ ነው፤ ሂፑም ቢሆን ከተሰጠው ግማሹን እንኳ አልነካም። ታዲያ ምኑ ነው ያለቀው? ሎጉን እንደገና ከፈትኩት። ከስህተቱ ስም ቀጥሎ ማንም ልብ ያላለው ጭራ አለ፤ «አንኤብል ቱ ክሪኤት ኒው ኔቲቭ ትሬድ» ይላል፤ አዲስ ትሬድ መፍጠር አልቻልኩም ማለቱ ነው። ትሬድ ማለት ፕሮግራሙ ውስጥ ለብቻው የሚሮጥ የሥራ መስመር ነው። ነገሩ ሁሉ ያለው እዚያ ላይ ነው። ጃቫ የሂፕ ቦታ ሲያልቅበት «ጃቫ ሂፕ ስፔስ» ብሎ ነው የሚያለቅሰው። ይሄኛው ግን አዲስ ትሬድ ፍጠርልኝ ብሎ ሊኑክስን ጠይቆ እምቢ ተብሏል ማለት ነው። እንዲህ ሲሆን ሂፕ መጨመር አይረዳም፤ እንዲያውም ለትሬዶቹ ስታክ (እያንዳንዱ ትሬድ ለራሱ ለሚይዘው የሜሞሪ ቦታ) የሚተርፈውን ራም ይሻማል።

አንድ ባልደረባዬ ይሄን ሲሰማ «ዩሊሚት ነዋ!» ብሎ (አንድ ዩዘር ስንት ፕሮሰስና ትሬድ መክፈት እንደሚችል የሚወስነው ገደብ ነው) የሊሚት ፋይሉ ላይ የቶምካትን ዩዘር 65535 አደረገለት። በዚያው ዩዘር ገብቶ ሲያየው እውነትም 65535 ይላል። ደስ አለን። ከሰዓት ላይ ግን ያው ስልክ። ለካ ያ ፋይል የሚነበበው ሰው ሎግ ኢን ሲያደርግ ነው። የሊኑክስ ሰርቪስ አስነሺ በሆነው በሲስተምዲ በኩል የሚነሳ ሰርቪስ ደግሞ ሎግ ኢን አያደርግም፣ ፋይሉንም አያየውም። ይሄ ነገር ስንቱን ሰው እንደሚያሳስት!

የቶምካትን ሰርቪስ ስታተስ ስጠይቀው ነው መልሱን ያገኘሁት። «ታስክስ 4915፣ ሊሚት 4915»። ግድግዳው ይሄ ነው። በዚህ የኡቡንቱ ስሪት ሲስተምዲ ለአንድ ሰርቪስ በራሱ የሚፈቅደው ሊኑክስ ለፕሮሰስ ቁጥር ካለው ጣሪያ 15 በመቶውን ነው፤ ጣሪያው 32768 ስለሆነ 4915 ይመጣል። ሊኑክስ ደግሞ እያንዳንዱን ትሬድ ለብቻው ይቆጥራል።

ጥሩ፣ ግን ቶምካት 5 ሺህ ትሬድ ምን ያደርግለታል? ካልነኩት በስተቀር ጥያቄ ተቀባዮቹ ከ200 አይበልጡም። የጃቫን ትሬዶች የሚዘረዝረውን ጄስታክ ሞከርኩ፣ አልሠራም፤ መልስ ለመስጠትም አዲስ ትሬድ ያስፈልገዋላ! ስለዚህ ኪል 3 ላክሁበት። በስሙ እንዳትደነግጡ፣ አይገድልም፤ የትሬዶቹን ዝርዝር ሎጉ ላይ አውጥቶ ሥራውን ይቀጥላል። ዝርዝሩን ሳየው ከ4600 በላይ የሚሆኑት «ፑል» (ሥራ ለመቀበል የተዘጋጁ ትሬዶች ስብስብ) የሚል ስምና ተራ ቁጥር አላቸው፣ የሁሉም መጨረሻ ደግሞ «ትሬድ 1» ነው። ሁሉም ሥራ ፈተው ተቀምጠዋል። አንድ ፑል ብዙ ትሬድ ቢይዝ ኖሮ ትሬድ 2፣ ትሬድ 3 እያለ ይቀጥል ነበር። ሁሉም 1 ላይ ከቆመ፣ የሆነ ኮድ በየጥያቄው አዲስ ፑል እየከፈተ ነው ማለት ነው።

ተገኘ። ክፍያ በተመዘገበ ቁጥር ለከፋዩ የደረሰኝ ኤስኤምኤስ የሚልከው ፋንክሽን ነው። ውስጡ ፑል ይከፍታል፣ አንዷን መልእክት ይልካል፣ ፑሉን ሳይዘጋ ይወጣል። ለእያንዳንዱ ደንበኛ አዲስ አስተናጋጅ እየቀጠሩ የቀደመውን አለማሰናበት በሉት። አንድ ከፋይ፣ አንድ ትሬድ። ሌላ ጊዜ ለምን አልታየም ካላችሁ፣ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ቶምካትን አጥፍቶ የሚያስነሳ፣ ማን እንዳስገባው የማይታወቅ ክሮን (በሰዓቱ በራሱ የሚሠራ ትእዛዝ) ነበር። በደህናው ወር ትሬዱ 4915 ሳይደርስ ይነጋል። በሐምሌ ብዛት ግን ማታን የሚጠብቅበት አቅም አልነበረውም።

ለጊዜው የታስክ ጣሪያውን በአንድ ትእዛዝ ወደ 8192 ከፍ አደረግሁት፤ ሪስታርት እንኳ አይጠይቅም። ይሄ ግን ቀን መግዛት ብቻ ነው፣ ፍሳሹ ካልቆመ ያም ይሞላል። ለልጁ የትሬዶቹን ዝርዝር ላክሁለት። መጀመሪያ «እኛ ጋ ሲሞከር ይሠራል» አለ። የእነሱ ሙከራ ላይ በቀን ስንት ክፍያ ይመዘገብ እንደነበር ስጠይቀው ዝም አለና ማታውን አስተካክሎ ላከው። ፑሉ አንዴ ብቻ፣ አፕሊኬሽኑ ሲነሳ ይከፈታል፤ ሲወርድ ይዘጋል። ለትሬዶቹም ስም እንዲያወጣላቸው ለመንኩት፤ አሁን ዝርዝሩ ላይ «ኤስኤምኤስ ላኪ» ተብለው ይታያሉ። የትሬዱ ቁጥር መቶ ምናምን ላይ ቆመ፣ ሂፑን ወደ 4 ጊጋ መለስነው፣ ክሮኑንም አጠፋሁት።

ራሙ ግን ተገዝቶ መጣ። የግዥ ጥያቄውን ለማስቆም ሌላ ደብዳቤ፣ ሌላ ፊርማ ያስፈልግ ነበርና ማንም አልደፈረም። ሰርቨሩ አሁን 32 ጊጋ አለው፣ አብዛኛውን አይነካውም።