ምርመራው «ደህና ነው» እያለ ለምን ያማል?

ዓመት ሙሉ ቁርጥማት ሲያንገላታቸው የኖሩ የባሕር ዳር እናቶች ይዘውት የሚዞሩት ፌስታል ይመሳሰላል፤ የደም ውጤት፣ የታይሮይድ ውጤት፣ የወገብ ራጅ፣ ሁሉም ደህና። ከዚያ «ምንም የለብዎትም፣ ጭንቀት ነው» ተብለው ይሸኛሉ። ይህ አነጋገር ያንገበግበኛል። ራጅ የሚያሳየው አጥንት ነው፤ የሕመም መልእክት ነርቭ ውስጥ እየጎላ መሄዱን አያይም። እንዲህ መላ ሰውነትን ለረጅም ጊዜ የሚያመው ፋይብሮማያልጂያ ይባላል፤ ጣጣው ደግሞ ያለው እዚያው ነርቩ ዘንድ ነው።

ሕመሙን ለመፈተሽ በአንገትና በትከሻ መካከል ያለውን ጡንቻ በአውራ ጣት፣ የራስ ጥፍር እስኪነጣ ድረስ መጫን ነው፤ 4 ኪሎ ገደማ ግፊት ይሆናል። ጤነኛ ሰው መጫኑ ብቻ ይሰማዋል። ይህ ሕመም ያለባት ሴት ግን ገና ጥፍሩ ሳይነጣ ትከሻዋን ታሸሻለች። ማስመሰል እንዳልሆነ በ2002 የታተመ የአንጎል ምስል ጥናት አሳይቷል፤ ሕመምተኞቹ ግማሽ በሚጠጋ ግፊት ሲጫኑ፣ ጤነኞቹን ሙሉው ግፊት ሲያማቸው የሚነቃው የአንጎል ክፍል እነሱም ላይ ነቅቷል።

ሥራው የሚበላሸው ህብለ ሰረሰር ላይ ይጀምራል። የሕመም ነርቭ እዚያ ሲደርስ ግሉታሜትና ሰብስታንስ ፒ የሚባሉ መልእክት አቀባይ ኬሚካሎችን ይለቃል። ኤንኤምዲኤ የሚባለው የሴሉ መልእክት ተቀባይ በደህናው ጊዜ በማግኒዚየም ተወትፎ ይኖራል፤ መልእክቱ ሲደጋገም ውታፉ ይነሳል፣ ካልሲየም ወደ ሴሉ ይገባል፣ ሴሉም ለትንሽ ንክኪ ሁሉ ይቆጣል። ጫፉ ቀጭን በሆነ ነገር በየሴኮንዱ አንድ ጊዜ፣ በድምሩ 10 ጊዜ ያህል የሕመምተኛዋን ቆዳ ነካ ነካ ቢያደርጉ የመጨረሻው ከመጀመሪያው እጅግ ያማታል፣ ካቆሙም በኋላ ይቆያል። (የማግኒዚየም ክኒን መዋጥ ውታፉን መልሶ አይደፍነውም፤ ገንዘብ አይባክንበት።)

ሁለተኛው ጉድለት ከላይ ነው። አንጎል ሴሮቶኒንና ኖርአድሬናሊን በሚባሉ ኬሚካሎች አማካይነት ወደ ታች ሕመምን የሚገታ ትእዛዝ ይልካል፤ በዚህ ሕመም ያ ትእዛዝ ይደክማል። የዲክሎፍናክ መርፌ የማይጠቅመውም ለዚህ ነው፤ እሱ የሚሠራው ብግነት ላይ ነው፣ እዚህ ግን ብግነት የለም። ሲደጋገም ጨጓራንና ኩላሊትን ይጎዳል እንጂ።

አሚትሪፕቲሊን የሚባለው ክኒን ግን የሚነካው ያንኑ መግቻ ነው። ሐኪም ልብንና የዓይን ግፊትን ከጠየቀ በኋላ በ10 ሚሊግራም፣ ከመኝታ 1 ወይም 2 ሰዓት በፊት ያስጀምራል። አፍ ያደርቃል፣ ጠዋት ያፈዛል። ብዙዎች ወረቀቱ ላይ «ለድብርት» የሚለውን አንብበው ይጥሉታል፤ ለድብርት የሚሰጠው መጠን ግን ብዙ እጥፍ ነው። ለዚሁ ሕመም የሚሰጠውን ሌላ መድኃኒት፣ ዱሎክሰቲንን፣ የጀመረ ሰው ደግሞ ጠበል ልግባ ብሎ በአንድ ቀን እንዳያቋርጠው፤ ያዞራል፣ ያቅለሸልሻል። ቀስ በቀስ ነው የሚቀነሰው።

ከሁሉም የማምንበት የእግር እርምጃ ነው። የአውሮፓ የሩማቶሎጂ ማኅበር በ2016 መመሪያው በጥብቅ የመከረው የአካል እንቅስቃሴን ብቻ ነው። ባሕር ዳር ሜዳ ስለሆነች ለዚህ ትመቻለች፤ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ፀሐይ ሳይከር፣ ጣና ዳር 5 ደቂቃ፣ በአንድ ቀን ልዩነት። ሁለት ሳምንት ያው መጠን፣ ከዚያ 1 ወይም 2 ደቂቃ መጨመር። የሚያበላሸው ደህናው ቀን ነው። ቀለል ያላት ቀን ገበያውንም ልብሱንም እንጀራውንም አንድ ላይ ትጨርሳለች፣ ከዚያ ቀናት ትተኛለች፣ ቤተሰቡም «እርምጃው ነው የጎዳት» ይላል። ከእርምጃ በኋላ የጨመረው ሕመም በማግስቱም ካልቀነሰ ወደ ቀድሞው ደቂቃ መመለስ እንጂ መተው አያስፈልግም።

ትኩሳት ካለ፣ ክብደት ከቀነሰ፣ መገጣጠሚያ ካበጠ ወይም እጅ እግር ከዛለ ግን ፋይብሮማያልጂያ ነው ተብሎ አይታለፍም፤ እንደገና መመርመር አለበት።