እንግዳ ጅሬን ስትወስዱ አርብን ተጠንቀቁ

ባለፈው ዓመት ጅማ ላይ ለተካሄደ ጉባኤ የጉብኝቱን ነገር ለእኔ ሰጡኝ። የምሠራው ሆቴል እንግዳ መቀበያ ላይ ነው። ኮሚቴ ውስጥ የገባሁት «አንተ የከተማው ልጅ ነህ» ተብዬ ነው። ደስ ብሎኝ ነበር፣ አልዋሽም።

መኪና መከራየት፣ ምሳ ማዘዝ፣ ባጅ ማሳተም በሁለት ቀን አለቀ። ብሮሸሩን ራሴ ጻፍኩት። ዳግማዊ አባ ጅፋር እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ጅማን እንደገዙ፣ ለምኒልክ ገብረው የውስጥ አስተዳደራቸውን እንዳቆዩ፣ ጅሬን ኮረብታ ላይ ያለው ቤተ መንግሥታቸው የእንጨት ሥራ እንደሆነ፣ ድሮ የሂርማታ ገበያ ሐሙስ ሐሙስ ይቆም እንደነበር፣ ሁሉንም አስገባሁ። ወረቀቱ የሚያብረቀርቅ ነው። ኮራሁበት።

ከዚያ የደብዳቤ ጣጣ መጣ። ቤተ መንግሥቱን በቡድን ለመጎብኘት ከአንድ መሥሪያ ቤት የትብብር ደብዳቤ አምጣ ተባልኩ። ሰኞ ሄድኩ፣ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው»። ማክሰኞ ኃላፊው ተገኙ። ደብዳቤዬን አዩና «ለሚመለከተው ሁሉ ብለህ አይሆንም፣ ለእኛ ብለህ ጻፍ» አሉኝ። ጽፌ መጣሁ። ፈረሙ። ማህተሙ ግን የተቆለፈበት መሳቢያ ቁልፍ ከጸሐፊዋ ጋር ነው፣ እሷ ደግሞ ለቅሶ ሄዳለች። ረቡዕ ተመታልኝ። ቀኑና ሰዓቱ ደብዳቤው ላይ በትልቁ ተጽፏል፦ አርብ፣ ከቀኑ 5፡45። ሦስት ሰው አንብቦታል። አንድም ሰው ትንፍሽ አላለም።

አርብ 43 እንግዳ በሁለት ኮስተር ጭነን ጅሬን ወጣን። ዝናቡ መንገድ ላይ ጀመረን። ስንደርስ በሩ ተዘግቷል። አንድ ሽማግሌ ጥበቃ ጋቢያቸውን ደርበው ከጥግ ተቀምጠዋል።

«አባባ፣ እንግዶች ይዘን ነው፣ ደብዳቤም አለን።»

ደብዳቤውን አላዩትም። እኔን ነው ያዩት።

«ልጄ፣ ዛሬ ምን ቀን ነው?»

ያኔ ነው የገባኝ። ጁምዓ! አርብ መንግሥት መሥሪያ ቤት ከ5፡30 እስከ 7፡30 ዝግ ነው፣ ይሄን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም። እኔ ደግሞ አርብ አርብ ሱቅ ሲዘጋ፣ ሰው ወደ መስጊድ ሲጎርፍ እያየሁ ጅማ መርካቶ ያደግሁ ነኝ። አዲስ አበቤ ቢሳሳት ይገባኛል። ቁልፍ ያዡ ሰላት ሄዷል። ማን ይፈርድበታል?

ዝናቡ ባሰ። እንግዶቹ ብሮሸሬን ጭንቅላታቸው ላይ አድርገው ወደ መኪና ሮጡ። ለመጀመሪያ ጊዜ ጥቅም ላይ ሲውል ያየሁት ያኔ ነው። አንዲት ሴትዮ «ፕሮግራሙ ላይ የአየር ሁኔታም የለም» አለችኝ፣ እየሳቀች ይሁን እየተናደደች አልለየሁም። አንደኛው ኮስተር ወደ ምሳ ተመለሰ።

የቀረነውን አሥራ ሁለት ሰዎች ጥበቃው አጠገብ ወዳለ ቤት ወሰዱን። እናትየው ምንም ሳይጠይቁን ቡና መቁላት ጀመሩ። የተቀመጥነው የጅማ በርጩማ ላይ ነው። አንዱ እንግዳ ተነስቶ ገለበጠው፣ ሚስማር ይፈልጋል። የለም። መቀመጫውም ሦስቱም እግሮች ከአንድ ግንድ ተፈልፍለው የወጡ ናቸው። «የት ይሸጣል?» አለ። ያንን ብሮሸሩ ላይ አልጻፍኩትም! የነገሥታቱን ዘመን ጽፌ በርጩማ የሚሸጥበትን ረሳሁ።

7፡40 ላይ በሩ ተከፈተ። ገባን፣ አየን፣ ሰገነቱ ላይ ቆመን ጅማን ቁልቁል አየናት። ቆንጆ ነበር፣ ግን እግሬ ርሶ ስለነበር ብዙም አላስታውሰውም።

ጉብኝት ሁሌ የመጨረሻው ቀን ላይ ይሁን ይሏችኋል። አትስሙ። የመጨረሻው ቀን ሰው ሻንጣውንና የአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር መንገዱን ነው የሚያስበው። በመጀመሪያው ቀን ጠዋት 2 ሰዓት ላይ አድርጉት፣ የመክፈቻው ንግግር ቢያጥር ማንም አይሞትም። ደብዳቤ ያዙ፣ ግን ከዋዜማው ራሳችሁ ጅሬን ውጡና ቁልፉን የሚይዘውን ሰው በአካል አግኙት። የእሱ ስልክ ቁጥር ከማህተም ይበልጣል። ለብሮሸር የመደባችሁትን ብር ደግሞ ለጃንጥላ አድርጉት። ዝናብ ጅማ ላይ ቀጠሮ አይጠይቅም።

ሰኞ ከዚያው መሥሪያ ቤት ተደወለልኝ። ለሪፖርት የሚሆን፣ 43ቱም እንግዶች ቤተ መንግሥቱ ፊት የሚታዩበት ፎቶ ይፈልጋሉ። ሁሉም ያሉበት አንድ ፎቶ ብቻ ነው ያለኝ፣ የተዘጋው በር ፊት ገና ስንደርስ የተነሳነው። እሱኑ ላክሁላቸው።