ትክክሉን ያረምኩበት ቀን

የሰባተኛ ክፍል እንግሊዝኛ ማስተማር በጀመርኩበት ዓመት ለተማሪዎቼ የሰጠኋቸው የመጀመሪያው ድርሰት «የምወደው ፊልም» የሚል ነበር። ርዕሱን የመረጥኩት ለመጻፍ የሚያነሣሣቸው ስለመሰለኝ ሲሆን፣ በዚህ እንኳ አልተሳሳትኩም። ሌላ ጊዜ አምስት መስመር ለመሙላት የሚቸገሩ ልጆች በዚያ ክፍለ ጊዜ ገጽ እየገለበጡ ጻፉ፤ ደወሉ ከተደወለ በኋላም ደብተራቸውን የሰጡኝ ቅር እያላቸው ነው።

48ቱን ደብተር ወደ ቤት ወስጄ ማረም ስጀምር ግን ተናደድኩ። ሁሉም ማለት ይቻላል የፊልሙን ታሪክ የጻፉት በሲምፕል ፕረዘንት፣ ማለትም በአሁን ጊዜ ግስ ነው። ስሕተቱ ከየት እንደመጣ የገባኝ መስሎኝ ነበር። በአማርኛ ፊልም የሚተርክ ሰው «ልጁ ይመጣና በሩን ይከፍታል፤ ከዚያ ሰውዬውን ያገኘዋል» ይላል እንጂ «መጣና ከፈተ» ሲል እምብዛም አይሰማም። ልጆቹ ይህንኑ የአፍ መፍቻ ልማዳቸውን ወደ እንግሊዝኛው አሻግረውታል ስል ደመደምኩ። ያለቀ ነገር በሲምፕል ፓስት (በኃላፊ ጊዜ) ይጻፋል እያልኩ ሳስተምር የሰነበትኩት ደግሞ እኔው ነኝ። ስለዚህ «ራንስ» (ይሮጣል) የሚለውን «ራን» (ሮጠ)፣ «ዳይስ» (ይሞታል) የሚለውን «ዳይድ» (ሞተ) እያልኩ በቀይ እስክሪብቶ ሰረዝኩ፤ በዚሁ ምክንያት ከ10 ማርክ ላይ ሁለት ሁለት ቀነስኩ።

ደብተሩን በመለስኩ ዕለት ከኋላ ወንበር የምትቀመጥ፣ ብዙም የማትናገር ተማሪ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ፊልሙን ዛሬ ማታ ብከፍተው ልጁ እንደገና ይሮጣል። ታዲያ መቼ ነው ሮጦ የጨረሰው?» ክፍሉ ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። «ሕጉ እንደዚህ ነው» ብያት ወደ ሌላ ጉዳይ አለፍኩ። መልስ ያጣ መምህር ሕግ ይጠቅሳል፤ ያን ቀን ያደረግሁት ይህንኑ ነው።

በእረፍት ሰዓት ነገሩን እንደ ቀልድ አድርጌ በመምህራን ማረፊያ ክፍል አወራሁት። ስምንተኛ ክፍል የሚያስተምሩ አንዲት አንጋፋ ባልደረባዬ ግን አልሳቁም። በእጄ ከነበሩት ደብተሮች አንዱን ተቀብለው ጥቂት ካነበቡ በኋላ «ይህን ማን ነው የሰረዘው?» አሉኝ። ከዚያም በትዕግሥት አስረዱኝ። ስለ ፊልም ወይም ስለ ልብ ወለድ ሲጻፍ በታሪኩ ውስጥ የሚሆነው ነገር በእንግሊዝኛ የሚነገረው በፕረዘንት ነው፤ ሥራው በተከፈተ ቁጥር ድርጊቱ እንደ አዲስ ይፈጸማልና። «ዘ ላየን ኪንግ» የተባለው ፊልም ለእይታ የበቃው እ.ኤ.አ. በ1994 ነው፤ ሮጀር አለርስና ሮብ ሚንኮፍ አዘጋጁት፤ እነዚህ በእውነተኛው ዓለም ተፈጽመው ያለፉ ስለሆኑ በፓስት ይጻፋሉ። የፊልሙ ባለታሪክ ሲምባ ግን አባቱ ከሞተ በኋላ ሁልጊዜም ይሸሻል። ከሚተረከው ትዕይንት ቀደም ብሎ የሆነ ነገር ካለ ደግሞ ፕረዘንት ፐርፌክት ይገባል። «በፓስት የጻፈም ቢኖር ሰዋስው አላፈረሰም፤ ልማዱን ነው የሳተው። የሚያስቀጣው በአንድ አንቀጽ ውስጥ ሁለቱን ማደበላለቅ ነው» አሉ። የልጅቷ ጥያቄ የደንቡ ምክንያት ራሱ ነበር።

በማግስቱ ተሳስቼ እንደነበር ለክፍሉ ተናገርኩና ደብተሮቹን መልሼ ሰበሰብኩ። የቀነስኩትን ማርክ ለመመለስ አንድ ሙሉ ምሽት ፈጀብኝ። ሆኖም ያን ምሽት ሳነብ፣ ግስ ስሰርዝ ያላየሁትን ትልቁን ጉድለት አየሁ። አንድ ልጅ በአንድ ገጽ ላይ «ኤንድ ዘን» (ከዚያም) የሚለውን 19 ጊዜ ደጋግሞ ታሪኩን ከዳር እስከ ዳር ከተረከ በኋላ፣ በመጨረሻው መስመር «በጣም እወደዋለሁ» ብሎ ጨርሷል። ለምን እንደሚወደው አንድም ቃል የለም። ሌሎቹም ከዚህ የራቁ አልነበሩም። እኔም ብሆን «ስለምትወዱት ፊልም ጻፉ» አልኳቸው እንጂ ለምን እንደወደዱት አልጠየቅኋቸውም ነበር።

ሁለተኛውን ሥራ ስሰጥ ታሪኩ ከሦስት ዓረፍተ ነገር እንዳይበልጥ፣ የቀረው ድርሰት በሙሉ ስለ አንድ ትዕይንት ብቻ እንዲሆን፣ በዚያም ምን እንደሚታይና ምን እንደሚሰማ እንዲጽፉ አዘዝኩ። ማጉረምረም በዛ፤ ሦስት ዓረፍተ ነገር አነሰ ብለው ተከራከሩኝ። ያቺ ተማሪ ግን ፊልሙን የስድስት ዓመት ልጅ ሳለች እንዳየችው በፓስት ጀመረችና ወዲያው ወደ ፕረዘንት ተሻገረች። ልጁ በዝናብ ውስጥ ይሮጣል፤ ካሜራው ግን አይከተለውም፤ ክፍቱን ትቶት በሄደው በር ላይ ይቀራል፤ ዝናቡ ወደ ቤቱ እየገባ ወለሉን ያርሳል፤ የእግሩ ኮቴ እየራቀ ይሄዳል። ይህን ትዕይንት የምወደው ልጁ ተመልሶ እንደማይመጣ ማንም ሳይናገር ስለሚያስታውቅ ነው ብላ ጽፋለች። ደብተሯን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። «ቢጊኒንግ» የሚለው ቃል ላይ አንድ ኤን ጎድሎ ስለነበር እሱን ብቻ ጨመርኩ።