ደብተሩ የማይጠይቀኝ ጥያቄ

ሥራዬን ልልቀቅ ወይስ ልቆይ የሚለው ጉዳይ ሰሞኑን ሲያብሰለስለኝ ስለሰነበተ፣ ዛሬ ማታ ማስታወሻ ደብተሬን ይዤ ተቀመጥሁ። የመጀመሪያው ገጽ በእርግጥ ጠቅሞኛል፤ ከሥራው ይልቅ ያስጨነቀኝ ከለቀቅሁ በኋላ ሰዎች የሚሉኝ ነገር መሆኑን ያስተዋልሁት እሱን ስጽፍ ነው። ከዚያ ወዲህ ያሉት ገጾች ግን ያንኑ ሐሳብ፣ አንዳንዴም ያንኑ ዓረፍተ ነገር ይደግማሉ።

የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ሱዛን ኖለን ሆክሴማ፣ በመጥፎ ስሜት ላይ ማብሰልሰል ስሜቱን እንደሚያራዝመውና መፍትሔ የማግኘት ዐቅምንም እንደሚያዳክም በጥናቶቻቸው አሳይተዋል። ራስን መመርመርና ማብሰልሰል ከውጭ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ፤ ሁለቱም ዝም ብሎ መቀመጥ ናቸውና። እኔ የምለያቸው የጻፍሁት ነገር ያላሰብሁትን ሲያሳየኝና ማሳየቱን ሲያቆም ነው።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1935 አሜሪካ ውስጥ የተመሠረተው አልኮሆሊክስ አኖኒመስ የተባለው የመጠጥ ሱሰኞች መረዳጃ ማኅበር ካሉት ዐሥራ ሁለት ደረጃዎች አራተኛው ራስን ያለ ፍርሃት መርምሮ መመዝገብ ሲሆን፣ አምስተኛው ደግሞ ጥፋትን ለፈጣሪ፣ ለራስና ለሌላ ሰው ማመን ነው። ቅደም ተከተሉን እወደዋለሁ፤ ጉዳዩን ሳያጠራ በቀጥታ ወደ ሰው የሮጠ ሰው፣ የየሰዉን አስተያየት ተሸክሞ ይመለሳልና።

ለታላቅ እህቴ «ሲመችሽ ላዋራሽ» ብዬ ጻፍሁና አጠፋሁት፤ እንደገና ጽፌ «አስቸኳይ አይደለም» የሚል ጨመርሁበት (አስቸኳይ እንደሆነ እያወቅሁ)። ወዲያው ደወለች። «እንድሰማህ ነው ወይስ እንድመክርህ?» አለችኝ። እንድትሰማኝ ነገርኋት። ጨርሼ ዝም ስል፣ «መልቀቅህን ማንም ባያውቅ ኖሮ ትለቅ ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። ይህን ያህል ገጽ ስጽፍ ይህን ጥያቄ ለራሴ አላቀረብሁትም፤ ከላይ ግን መልሱን በግማሽ ጽፌዋለሁ።

መልሱን አልነገርኋትም፤ እሷም አልጠበቀችም። ለዘመድ አዝማዱ ሁሉ ብዘረግፈው ኖሮ እስካሁን ሁሉም በየፊናው በወሰነልኝ ነበር፤ ስለዚህ ይህን ክፍል ለብቻዬ አስብበታለሁ። ደመወዝ ከቆመ በኋላ ያለውን ኑሮ ግን እኔም እህቴም አናውቀውም። ነገ ከእኔ ቀድሞ የለቀቀ የሥራ ባልደረባዬን አግኝቼ፣ ያጠራቀመው ገንዘብ እስከ መቼ እንዳቆየውና ከቤተሰቡ ጋር እንዴት እንደተነጋገረ እጠይቀዋለሁ።