የአያታችሁን ፎቶ ለማደስ ኤአይ ከመለማመጣችሁ በፊት

ይህን የምጽፈው ቀድሞ የሚነግረኝ ሰው ባገኝ ኖሮ ብዙ ንዴት ይቀርልኝ ስለነበር ነው። የቆየ የቤተሰብ ፎቶ በኤአይ ለማደስ ካሰባችሁ፣ በተለይ ፎቶው ላይ የምታጠባ እናት ወይም ራቁቱን የሚታጠብ ሕፃን ካለ፣ ክፍያ ከመፈጸማችሁ በፊት ይህን አንብቡ።

እምዬ እያልን የምንጠራት የእናቴ እናት ናት። ሙት ዓመቷ ሲቃረብ ፎቶዋን በትልቁ ለማሳተም ተስማማን። በወጣትነቷ የተነሳችው ፎቶ አንድ ብቻ ነው፤ ጥቁርና ነጭ። ደጃፍ ላይ ተቀምጣ እናቴን ታጠባለች። አንገቷ ላይ ንቅሳቷ ተደርድሮ ይታያል። ፎቶው መሀሉ ላይ ታጥፎ ተሰንጥቋል፤ አንዱን ጥግ ደግሞ እርጥበት በልቶታል።

መጀመሪያው ቀላል ነው። በስልክ አታንሱት፤ በ600 ዲፒአይ (የስካን ጥራት መለኪያ ነው) ስካን አድርጉት። የምስሉን ጥራት በማይቀንሰው የፋይል ዓይነት፣ በቲፍ አስቀምጡት። ሥራችሁን በቅጂው ላይ ሥሩ። አለቀ።

ከዚያ ሰው ሁሉ የሚያወራለትን፣ በኢንተርኔት የሚሠራ አንድ የፎቶ ማስተካከያ መረጥኩ። ክፍያው በዶላር ስለሆነ አሜሪካ ያለችው የአክስቴ ልጅ በራሷ ስም አካውንት ከፍታ በካርዷ ከፈለችልኝ። ፎቶውን ጫንኩ። ስንጥቁ ከእምዬ ትከሻ በላይ፣ ግድግዳው ላይ የሚያልፍበትን ቦታ ብቻ ምልክት አድርጌ እንዲጠግነው አዘዝኩ። ሰውነቷን አልነካሁም። ጥቂት አሰበና «ጥያቄዎ የአጠቃቀም ደንባችንን ይጥሳል» አለኝ። የትኛውን ደንብ? አይናገርም። የፎቶው የቱ ጋ? እሱንም አይናገርም። የተከፈለበት የአጠቃቀም ሂሳብ (ክሬዲት) ግን ተቆርጧል።

የእርዳታ ገጻቸው ላይ «አገላለጽዎን ይቀይሩ» የሚል ምክር አለ። ቀየርኩ። የቆየ የቤተሰብ ፎቶ ነው ብዬ ጻፍኩ። ያው መልስ። ግድግዳውን ብቻ ቆርጬ ስልክለት ያለ ምንም ቃል ጠገነው። ችግሩ ከቃሌ ሳይሆን ከእምዬ ጡት መሆኑ ያኔ ገባኝ። ስንጥቁ ግን የሚወርደው በደረቷና በእናቴ ጭንቅላት በኩል ነው። ቆርጬ የት ልድረስ?

በስንት ልመና አንድ ጊዜ አለፈልኝ። የመጣው ምስል ላይ የእምዬ ደረት ከየት እንደመጣ በማላውቀው ጨርቅ ተሸፍኗል። እናቴ ሕፃኗ አፏን ጨርቁ ላይ ደፍታ ቀርታለች። ንቅሳቱ ጠፍቶ አንገቷ ልሙጥ ሆኗል። ለእናቴ አሳየኋት። መነጽሯን አድርጋ ብዙ አየችውና «ይቺ ደግሞ ማናት?» አለችኝ።

በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። የአክስቴ ልጅ ሌሊት ደወለች። «አንተ፣ ምን ዓይነት ፎቶ ነው በስሜ የላክኸው?» ድምፅዋ ይንቀጠቀጣል። ድርጅቱ በኢሜይል ማስጠንቀቂያ ልኮላታል፤ ሕፃናትን የሚመለከት ተገቢ ያልሆነ ይዘት ተገኝቷል፣ ከተደገመ አካውንቱ ይዘጋል የሚል። እሷ ደግሞ የምትሠራው ሕፃናት ማዋያ ነው። ባልበላችው ዕዳ እንዲህ ያለ ነገር ከስሟ ጋር ሲነሳ ምን እንደሚሰማት አስቡት። ፎቶውን ራሷ ታውቀዋለች፤ እነሱም ቤት ተሰቅሎ ነው ያደገችው። ይግባኝ ጻፍን። አያታችን ናት፣ ልጇን እያጠባች ነው፣ ሰው ይየው አልን። የመጣልን መልስ የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ ቃል በቃል ግልባጭ ነው። ደገምን። ከዚያ በኋላ ጆሮ ዳባ ልበስ አሉን። አሁንም ሳስበው ያንገበግበኛል።

የእነዚህ ድርጅቶች ማጣሪያ እንዴት እንደሚሠራ ካጣራሁ በኋላ ንዴቴ ባሰ እንጂ አልበረደም። አብዛኞቹ ሁለት ቦታ ይፈትሻሉ፤ የጻፋችሁትን ቃል፣ ከዚያም ምስሉን ራሱን። የምስሉ ፈታሽ ነጥብ ይሰጣል። ነጥቡ ከተወሰነ መስመር ካለፈ ይዘጋል። ገላ አየ፣ ሕፃን አየ፣ አለቀ። እናትና ልጅ መሆናቸውን አይጠይቅም። መስመሩን የሚያሰምረው ድርጅቱ ነው፤ አንድ ክፉ ምስል ቢያመልጠው ፍርድ ቤትና ጋዜጣ ይጠብቀዋል፣ እኔን በስህተት ቢዘጋኝ ግን ምንም አይጎድልበትም። የሰው ልብስ በኤአይ የሚያወልቁ፣ በሕፃናት የሚነግዱ ወንጀለኞች አሉ፤ እነሱን ማገድ ተገቢ ነው፣ በዚህ አልከራከርም። የምከራከረው ከእነሱ ጋር ተደምረን ስንታገድ የሚሰማን ሰው በማጣታችን ነው።

ነገሩ ደግሞ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 ፌስቡክ በቬትናም ጦርነት በናፓልም ቦምብ ተቃጥላ ራቁቷን የምትሮጠውን ሕፃን ፎቶ፣ ያን በዓለም የታወቀ የ1972 ፎቶ፣ እርቃን ነው ብሎ አነሳው። የኖርዌይ ጠቅላይ ሚኒስትር መልሰው ቢለጥፉት የእሳቸውንም አነሳው። የመለሰው ጩኸቱ ከበረታ በኋላ ነው። እኛ ጠቅላይ ሚኒስትር የሚጮኽልን ሰዎች አይደለንም። በ2022 ደግሞ ተመራማሪዎች ስቴብል ዲፊዩዥን ከተባለው ምስል ፈጣሪ የኤአይ ሞዴል ጋር የሚመጣውን ማጣሪያ ሲፈትሹ፣ ወሲብ ነክ ነገር ላይ ብቻ ያተኮረ ሆኖ አገኙት። ደምና ጭካኔ ያልፉ ነበር። ጡት አያልፍም ነበር።

ከሁሉ በላይ ማስጠንቀቅ የምፈልገው ይህን ነው። በዚያው በ2022 ኒው ዮርክ ታይምስ የዘገበው የአንድ አሜሪካዊ አባት ታሪክ አለ። የታመመ ሕፃን ልጁን ብልት ለሐኪም እንዲታይ በስልኩ አነሳው። ፎቶው ወደ ጉግል ማከማቻው ሲገባ ተያዘ። ፖሊስ መርምሮ ነፃ ነው አለ፤ ጉግል ግን አካውንቱን አልመለሰለትም። ኢሜይሉ፣ ፎቶዎቹ፣ ስልክ ቁጥሩ ሳይቀር ሄዱበት። ስለዚህ የልጃችሁን የክርስትና ፎቶ፣ ካህኑ ራቁቱን ይዘውት ውኃ ውስጥ ሲነክሩት የሚያሳየውን፣ ምንም ንጹሕ ቢሆን የሌላ ድርጅት ሰርቨር (ኮምፒውተር) ላይ አትጫኑ። በዘመድ አካውንት ደግሞ በጭራሽ።

በመጨረሻ ፎቶው የታደሰው እዚሁ ላፕቶፔ ላይ ነው። አይኦፔይንት የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፤ ላማ የተባለውን ሞዴል አንዴ ካወረዳችሁለት ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ስንጥቁን በብሩሽ ትቀቡታላችሁ፣ በዙሪያው ካለው ይሞላዋል። የግራፊክስ ካርድ የለኝም፤ ይዘገያል እንጂ ይሠራል። ደረቷ ላይ ሲደርስም ምንም አላለኝም። ሥራውን ሠራ፣ በቃ።

ፊቷንና አንገቷን ጊምፕ በሚባል የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም በእጄ ሠራሁ። ብዙ ሰው ለፊት ጂኤፍፒጋን የተባለውን ፊት የሚያድስ የኤአይ ሞዴል ይመክራል። እኔ አልመክርም። የሠለጠነው ፍሊከር ከተባለው የፎቶ መለጠፊያ ድረ ገጽ በተሰበሰቡ 70,000 የፊት ምስሎች ነው፤ የደበዘዘ ፊት ሲያገኝ ከዚያ በተማረው ይሞላዋል። ዓይኗ ጥርት አለ፣ ግን የእምዬ ዓይን አልነበረም። ንቅሳቷን ላማም ቢሆን እንደ ጭረት አይቶ ሊያጠፋው ይችላል። ስለዚህ ስክሪኑን አጉልቼ ስንጥቁ የቆረጣትን እያንዳንዷን ነጥብ አጠገቧ ካለችው እየቀዳሁ መለስኳት። አድካሚ ነው። ሠርቼው ስጨርስ ግን ኮራሁ።

«አስቸጋሪውን ክፍል ቆርጠው ያስወግዱ» የሚለውን የድርጅቶቹን ምክር አትስሙ። ከዚህ ፎቶ ላይ አስቸጋሪ የተባለው ክፍል እናቴ ናት።

ፎቶ ቤት ስትሄዱ ደግሞ ፋይሉን ምንም እንዳይነኩት አስቀድማችሁ ንገሯቸው። ሳይጠየቁ ፊት የሚያነጡና የሚያለሰልሱ አሉ። መጀመሪያ በትንሹ አሳትማችሁ እዩት፣ ከዚያ ትልቁን እዘዙ።