ናይሮቢ ስትሄዱ ጠዋቱን ለዱሩ ስጡት

ጥር መጨረሻ ላይ ለእረፍት ናይሮቢ ልመለስ ነው፣ አሁን ግን ፕላኑን ገልብጬ ነው ያወጣሁት። ባለፈው መጀመሪያ ከተማውን ልጨርስ ብዬ ሙዚየም ገበያ ምናምን ስዞር ቀኑ አለቀና ናሽናል ፓርኩ ለመጨረሻው ቀን ቀረ፣ ያውም ስምንት ሰዓት ላይ ገባሁ፣ በዛ ፀሀይ ደሞ አንበሳ ጥላ ፈልጎ ይተኛል እንጂ የት ይታያል። እስካሁን ይቆጨኛል።

ፓርኩ እኮ ከመሀል ከተማ 7 ኪሎሜትር ገደማ ነው! በፈረንጆቹ 1946 የተከለለ፣ 117 ስኩዌር ኪሎሜትር የሚሆን፣ አንበሳ ጎሽ ነብር አውራሪስ ሁሉ ያለበት፣ በሶስት በኩል ታጥሮ በደቡብ በኩል ክፍት የተተወው እንስሳቱ እንደልባቸው ወደ ሜዳው እንዲወጡና እንዲመለሱ ነው። ቀጭኔ ከፊት፣ ከኋላዋ የከተማው ፎቆች። ለዚህ እይታ ብቻ ብሄድም አይቆጨኝም።

ስለዚህ ዘንድሮ የመጀመሪያው ቀን ንጋት 12 ሰዓት በሩ ሲከፈት እዛው ነኝ። (በስዋሂሊም ሰዓት የሚቆጠረው እንደኛው ነው፣ ግን በእንግሊዝኛ ካወራችሁ ስድስት ሰዓት ስለሚባል ከሹፌሩ ጋር በደንብ ተነጋገሩ።) ፓርኩ ውስጥ ዝሆን የለም፣ እሱን ግን እዛው ጠርዝ ላይ ሼልድሪክ የሚባል የዝሆን ማሳደጊያ ጋ እናታቸው የሞተችባቸውን ግልገሎች ሲያሳድጉ ታያላችሁ፣ ለጎብኚ ክፍት የሚሆነው ግን ከአምስት እስከ ስድስት ሰዓት ለአንድ ሰዓት ብቻ ስለሆነና ቀድሞ ቀጠሮ ስለሚፈልግ ቀኑን መጀመሪያ እሱን ይዛችሁ ሌላውን በሱ ዙሪያ አስተካክሉት። ሙዚየሙ ከሰዓትም አያመልጥም።

ከዛ ሀይቅ ዳር ያለችው ናይቫሻ ሁለት ሌሊት፣ ከናይሮቢ 90 ኪሎሜትር ገደማ ነው። ብዙ ሰው ደርሶ መልስ ያደርገዋል እኔ ግን አልስማማም፣ እዛው አጠገብ ያለው ሄልስ ጌት ፓርክ በጠዋት በሳይክል ሲሆን ነው የሚያምረው፣ የሜዳ አህያና ቀጭኔ መሀል ያለ መኪና ድምፅ መንዳት ማለት እኮ ነው፣ ለዛ ደሞ እዛው ማደር አለባችሁ። አንድ ነገር አደራ፣ ዝናብ ካለ ፓርኩ ውስጥ ያለው ጠባብ ገደል ውስጥ አትግቡ፣ በፈረንጆቹ 2019 ድንገተኛ ጎርፍ ጎብኚዎችን ገድሏል። ትልቁ ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ስለሆነ እኔም ቀኑን ከሱ በፊት ያደረግኩት ለዚህ ነው።

የዝሆኖቹን ቀጠሮ ይዣለሁ። የቀረኝ ናይቫሻ ላይ ማደሪያ መምረጥ ነው፣ ጉማሬዎቹ ማታ ሳር ሊግጡ ከሀይቁ ስለሚወጡ ከጨለመ በኋላ ውሀው ዳር መሄድ አደገኛ ነው፣ እና የምፈልገው ወደ ሀይቁ የሚያይ በረንዳ ያለው ክፍል ነው፣ እዛ ቁጭ ብዬ ሲግጡ መስማት ነው የምፈልገው።